በእትዬ ትርንጎ ስም

ቦንጋ ዝናብ ሲጥል ባጃጅ ያገኘ ሰው አብሮት የሚቀመጠውን አይመርጥም። ያን ሰኞ ጠዋት እትዬ ትርንጎ መሃል ተቀመጡ፤ በቀኛቸው የሥራ ባልደረባቸው ጋሽ ማዕረግ፣ በግራቸው ቦርሳዋን የታቀፈች የማያውቋት ወጣት ነበረች። ባጃጁ የዳገቱን ግማሽ እንደወጣ ተንተፋትፎ ቆመ። ሾፌሩ ቤንዚን ማለቁን ተናግሮ ጀሪካኑን ይዞ በዝናቡ ሮጠ።

እትዬ ትርንጎ ሰዓታቸውን አዩ። ሦስት ሰዓት ላይ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት መቅረብ አለባቸው። ሃያ ስድስት ዓመት መሬት መዝገብ ቤት ሲሠሩ ስማቸው በክፉ ተነሥቶ አያውቅም፤ አሁን ግን የአንዲትን ባልቴት የቡና ማሳ ወደ ሌላ ሰው ስም አዙረሻል ተብለዋል። ለመርሳት ያህል ወደ ወጣቷ ዞሩ።

"ወዴት ነሽ ልጄ?"

"ወደ መሬት መዝገብ ቤቱ ነኝ እትዬ። ሔርሜላ እባላለሁ፤ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ስም ብቻ እንዲገባ፣ በገባ ቁጥርም በስልኩ እንዲያረጋግጥ ላስተካክል ነው።"

የእትዬ ትርንጎ ፊት ጠቆረ። "ትርንጎ መሆኔን በየቀኑ ላስመሰክር ነዋ?"

"በየቀኑ። ከበድ ያለ ነገር ሲቀይሩ ደግሞ እንደገና።"

"እኛ ተማምነን ነው የኖርነው። ባለፈው ወር ወንድሜ ዋጫ ከተማ ሲያርፍብኝ ፓስወርዴን ለአምስት ባልደረቦቼ ሰጥቼ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥኩ። ከገጠር በእግሩ የመጣ ባለጉዳይ ትርንጎ የለችም ተብሎ ይመለስ?"

ለመፍረድ የቸኮለ አንባቢ ትንሽ ይታገሥ። የእትዬ ትርንጎ ጥፋት ከስንፍና አልመጣም፤ ከደግነት ነው። ኮምፒውተር ግን ደግነትን አይመዘግብም፤ ስም ብቻ ነው የሚመዘግበው።

"ነፍስ ይማር" አለች ሔርሜላ። "ታዲያ ሦስቱ ቀን በሰላም አለፈ?"

እትዬ ትርንጎ ዝናቡን አዩ። "አላለፈም። በሁለተኛው ቀን የሰው ማሳ ዞረ። ሀገር ሙሉ ድንኳን ውስጥ ሳለቅስ አይቶኛል፤ መዝገቡ ግን ቢሮ ነበረች ይላል። ዛሬም ለዚሁ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ።"

"ለአምስቱ መስጠትዎን ለኮሚቴው አይናገሩም?"

"አልናገርም። አንዱ ቢያጠፋ አራቱን ለምን አስጠረጥራለሁ? ከዚያ ወዲህ ምሳ እንኳን አብረን አንበላም፤ ሁላችንም አቀርቅረን ነው የምንውለው።"

ከአምስቱ አንዱ የሆኑት ጋሽ ማዕረግ ጃንጥላቸውን በእጃቸው አገላበጡ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፤ አምስቱንም ለጥርጣሬ የዳረጋቸው ያ ፓስወርድ ነው" አለች ሔርሜላ በለዘበ ድምፅ። "አባቴ ሺሺንዳ አካባቢ ጫካ ውስጥ ቀፎዎች አሉት። ጫካው ውስጥ ጎረቤቱም ዘመዱም ይገባል፤ ስለገባ ብቻ ግን የሰው ቀፎ የሚከፍት የለም። አባቴ ታሞ በተኛ ጊዜ አጎቴን 'እነዚያን ሁለቱን አውርድልኝ' አለው እንጂ ሁሉንም ክፈት አላለውም። አጎቴ የሚቀየም ይመስልዎታል?"

"በምን ይቀየማል?"

"ይሄም እንደዚያው ነው። ቢሮ የገባ ሁሉ መዝገቡን ሁሉ አይከፍትም። እርስዎ ለቅሶ ሲሄዱ የሚተካዎት ሰው በራሱ ስም፣ ለሦስት ቀን፣ ለዚያ ሥራ ብቻ ይፈቀድለታል። ሲመለሱ ፈቃዱ ይዘጋል። ባለጉዳዩ ሳይጉላላ ይስተናገዳል። ስህተትም ቢኖር ማን እንደሠራው በዕለቱ ታውቆ ይታረማል፤ የቀሩት ምሳቸውን በሰላም ይበላሉ።"

ነገሩ እትዬ ትርንጎን ሳይነካቸው አልቀረም። ግን ቶሎ እጅ መስጠት ልማዳቸው አይደለም። "ቢሆንም አብሮ የኖረን ሰው ማን ነህ ብሎ መጠየቅ ልብ ይሰብራል።"

"እኔን የሰበረኝ አለመጠየቄ ነው" አሉ ጋሽ ማዕረግ።

ሁለቱም ዞር አሉ።

"ስማቸው ብርቅዬ የሆነ ሁለት ሴቶች አሉ። በአንቺ ፓስወርድ ገብቼ የአንደኛዋን ማሳ ለልጇ ሳዞር የሌላዋን፣ የባልቴቷን መዝገብ ከፍቼ ኖሯል። የገባኝ ከሳምንት በኋላ ነው። በየጠዋቱ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ፤ 'ማዕረግ፣ አንተ ነህ?' ብትይኝ ያኔውኑ እነግርሽ ነበር። አመንሽኝና ዝም አልሽ። እኔ ደግሞ ከራሴ አፍ ለማውጣት አፈርኩ።"

እትዬ ትርንጎ መቆጣት ፈልገው ነበር፤ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥተዋል። ነገር ግን ሰውየው ቀና ብለው ሊያይዋቸው እንዳፈሩ ሲያዩ አንጀታቸው አልቻለም።

"ሞኝ" አሏቸው ቀስ ብለው። "ለዚህ ነው ከምሳ የቀረኸው?"

እንግዲህ ይታይ። በአንድ ከሰዓት የሚታረም ስህተት ባለቤቱ ስላልታወቀ ብቻ ወር ሙሉ አንዲት ባልቴት አስጨንቆ፣ አምስት ወዳጆች አኳርፎ፣ አንዲት ቅን ሠራተኛ ኮሚቴ ፊት ሊያቆም ነበር። ማንነትን ማረጋገጥ ሰውን መናቅ መስሎ የሚታየው ሁሉ ይህን ያስብ፤ የሚጠየቅ ሰው እውነቱን የሚናገርበት በር ይከፈትለታል፣ ያላጠፋውም በሌላው ጥፋት አይታማም።

ሾፌሩ ተመልሶ ባጃጁን አስነሣ። እትዬ ትርንጎ ስልካቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ለሔርሜላ ሰጧት። "በይ፣ ቢሮ ስንደርስ ከእኔ ጀምሪ። ደግመሽ ደጋግመሽ ጠይቂኝ፤ አልቀየምሽም።"

መዝገብ ቤቱ በር ላይ ሲወርዱ ጋሽ ማዕረግ ቀደም አሉ። "አንቺ ወደ ሥራሽ ግቢ። ኮሚቴው ፊት የምቀርበው እኔ ነኝ።"

"አብረን ነው የምንቀርበው" አሉ እትዬ ትርንጎ ክንዳቸውን ይዘው። "የተሳሳትከው አንተ ነህ፤ ስሜን አውጥቼ የሰጠሁህ ግን እኔ ነኝ።"