ሹሩባ የተሠራው ልጅ

ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት እናት አጠገባቸው ላለችው ወጣት ያወሯታል።

«ልጄ ሹሩባ ቢሠራ፣ አንዱ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ‹ግብረ ሰዶማዊ ነው› አለበት።»

«ውይ በሞትኩት!»

«አገር ለሁለት ተከፍሎ ተሰዳደበበት። የማያውቀን ሁሉ ‹ይገደል› ብሎ ጻፈ። ልጄ ከቤት መውጣት ፈራ።»

«ታዲያ እንዴት ሆነ፣ እናቴ?»

«የንስሐ አባታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እጁን ይዘው ሕዝብ ፊት ቆሙ። ነው አይደለም አላሉም። ‹ልጃችን ነው። እሱን የሚነካ አስቀድሞ እኔን ይንካ› አሉ።»

«አልሐምዱሊላህ!»

«ይመስገን! ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ፣ ይኸው ልጄ ሥራውን ይሠራል።»

«ሹሩባውስ?»

«እሱማ እንዳለ ነው!»

እኔ ግን በዚያ ሰሞን ከፎቶው ሥር የጻፍኩትን አስታውሼ፣ ከላላ እስክንደርስ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።