ከኮምፔርሳቶው ጀርባ

በቀይ ሽብር ጊዜ ነው። እሪ በከንቱ የሚኖሩ አንዲት እናት «ልጄ ከሞተ ወዲህ ክፍሉን ማየት አልቻልኩም፤ በሩን በኮምፔርሳቶ ድፈንልኝ» ብለው አስጠሩኝ። እንጨት የምቆርጥበትን ታጣፊ ጠረጴዛ ተሸክሜ ከፒያሳ ወረድኩ። ሳሎናቸው ውስጥ ዘርግቼ ኮምፔርሳቶውን በበሩ ልክ በመጋዝ ቆረጥኩት። ገጥሜ የመጀመሪያውን ሚስማር ልመታ ስል፣ ከውስጥ ቀስ ያለ ድምፅ «ጋሼ፣ ከታች ለአየር ትንሽ ይተዉልኝ» አለኝ።

ጠጉሬ ቆመ። ዞር ስል እናትየዋ ነጠላቸውን ነክሰው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ኮምፔርሳቶውን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩና ከግርጌው ሁለት ጣት ያህል ቀነስኩለት። መትቼ እንደጨረስኩ አንድ አብዮት ጠባቂ ሳያንኳኳ ገባ። እናትየዋ ቀሚሳቸውን ዘርግተው ክፍተቱ ላይ ቁጭ አሉ።

«ከዚህ ጀርባ ምን አለ?» አለኝ።

«ግድግዳ ነው፤ እርጥበት በልቶት እየሸፈንኩት ነው።»

ጆሮውን ለጠፈ። እኔም አብሬው አዳመጥኩ። ትንፋሽ እንኳ የለም። ቅድም የሰማሁትን ድምፅ ራሱን ተጠራጠርኩ። ሰውየው ወጣ፤ እናትየዋም ሊሸኙት ተነሱ። ዕቃዬን ልሰበስብ ጎንበስ ስል፣ በክፍተቱ በኩል በረዶ የመሰሉ ጣቶች ወጥተው እጄን ጨበጥ አደረጉና ተመልሰው ገቡ።