የተዳፋቱን ወሬ የምትሰበስብ በቅሎ

በግንቦት መጨረሻ ከቀትር በኋላ ደባርቅ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደና አያ ሻረው በቅሏቸውን እየሳቡ አንድ የእህል መጋዘን በረንዳ ሥር ተጠለሉ። ከደባርቅ እስከ ጨነቅ፣ አልፎም እስከ መካነ ብርሃን ጭነት ሲያመላልሱ ሠላሳ ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው። በረንዳው ላይ አንዲት ወጣት ጭቃ የነካቸው ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ታቅፋ ቆማለች። ወዲያው አወቋት፤ ጽጌሬዳ የምትባለው ኢንጂነር ናት። አምና ከመንደራቸው በላይ ባለው ተዳፋት ላይ የመሬቱን እርጥበትና ንቅናቄ የሚለኩ ሃያ መሣሪያዎች ተክላ ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ ሻረው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ዕቃዎችሽ ሞቱ አሉ» አሏት በደረቁ።

አይፈረድባቸውም። ባለፈው ነሐሴ ናዳ የእህታቸውን የአልጣሽን ቤት ከነበሬዎቿ ሲውጥ ከመሣሪያዎቹ አንዱ እንኳ ትንፍሽ አላለም።

«የሞቱት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። አሥራ ስምንቱ ደህና ነበሩ፤ የሚሰማቸው አጡ እንጂ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«የአንዱ ድምፅ ሩቅ አይሄድም። እየተቀባበሉ ነው ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ላለው መቀበያ የሚያደርሱት። ለመቀበያው የቀረቡት ሁለቱ የሁሉንም ወሬ ሲያስተላልፉ ባትሪያቸው ከሌሎቹ ቀድሞ አለቀ። መንገዱም ተዘጋ።»

«የሁሉንም ጭነት በሁለት በቅሎ ላይ ከምረሽ ወገባቸውን ሰበርሽው በይኛ!»

«እንዲያው ነው። አሁን ሌላ መቀበያ በእርስዎ በቅሎ ኮርቻ ላይ ልሰር ብዬ ሳስብ ነበር። በተዳፋቱ ሲያልፉ እያንዳንዱ መሣሪያ ከቅርብ ሆኖ የያዘውን ይሰጠዋል። አንዱ ለሌላው አይደክምም።»

አያ ሻረው ሳቁ። «ያለ ሽቦ የሚናገር ዕቃ ብለሽ አምጥተሽ ዛሬ በቅሎ ያስፈልገዋል? እሺ፣ እኔ በማላልፍበት ቀን ቢናድስ?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ጽጌሬዳም አልሸሸችውም። «እውነትዎን ነው፤ የዘወትሩ ልኬት እርስዎን ስለሚጠብቅ ይዘገያል። መሬቱ በድንገት ሲነቃነቅ ግን ያንን አንድ ነገር ብቻ እንደ በፊቱ ተቀባብለው ለትምህርት ቤቱ ይልካሉ፤ እዚያ ያለው ደወልም ይጮኻል። ባትሪያቸው ለዚያ ቀን ይቆጠብላቸዋል።»

«አምና ይህን አታውቂም ነበር?»

«አላሰብኩበትም። ማሰብ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

አያ ሻረው ቀና ብለው አዩአት። የተማረ ሰው ፊት ለፊት «አጠፋሁ» ሲላቸው ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ዝናቡ እስኪያባራ አሰቡ፤ ከዚያ በቅሎዋን ወደ እሷ አስጠጉና «በይ እሰሪው» አሏት።

አያ ሻረው ክረምቱን ሁሉ በሳምንት ሁለት ጊዜ በተዳፋቱ አለፉ። በነሐሴ አጋማሽ ያመጡትን ወሬ ጽጌሬዳ ኮምፒውተሯ ላይ ስታየው የላይኛው መሬት ውኃ ጠጥቶ ሁለት ጣት ያህል ወርዷል። ደውላ ነገረቻቸው። ዘጠኝ አባወራዎች በእሳቸው ምክር ከብታቸውንና እህላቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ወጡ።

በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ደወሉ ጮኸ። ያን ሰዓት አልጣሽ ለምሳ ጎመን ልትቀነጥብ ከአምናው ናዳ ወደተረፈው ጓሮዋ ተመልሳ ነበር። ቅርጫቱን ጥላ ሮጠች። ሜዳው ላይ ስትደርስ ኮረብታው ከኋላዋ ወረደና ባዶዎቹን ቤቶች ደፈናቸው። አያ ሻረው እህታቸውን አቅፈው እንደ ልጅ አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ ጽጌሬዳ ለማዶው ተዳፋት ሌላ በቅሎ ስትፈልግ አያ ሻረው ራሳቸው የኔሰው የተባለውን ባለበቅሎ ጫኝ ይዘውላት መጡ። የኔሰው ኮርቻ ላይ የሚታሰረውን መቀበያ አገላብጦ «እንግዲህ ይህ ለኔ ምን ይረባኛል?» አለ።

«ለበቅሎህ አይከብዳት፤ መንገድህንም አያስለውጥህ» አሉት አያ ሻረው። «መሣሪያዎቹ ሳይደክሙ ክረምቱን ይዘልቃሉ፤ የመሬቱን ነገር ቀድመህ ታውቃለህ፤ የክፉ ቀን ድምፅም ከመንገድ አይቀርም። ይህን ካላመንከኝ...»

አልጣሽ ከሴቶች ጋር አዲሱን ቤቷን ጭቃ እየመረገች ነበር። በእጃቸው አሳዩት።

«ያቻትልህ። ሂድና ጠይቃት።»