አሥራ ስድስት ወንበር፣ ሠላሳ አንድ ቁስለኛ

ሙታሌ ካፔንታዋን፣ ያንን የደረቀ ትንንሽ ዓሣ፣ በጣሳ እየሰፈረች ከጎኗ ቲማቲም ከምትሸጠው ከቾላ እናት ጋር ወሬ ጀመረች። ድምፅዋን ትንሽ ከፍ አድርጋዋለች፤ ከኋላቸው የልብስ ሰፊው መኪና ስለሚንኳኳ ይሆናል።

«የቾላ እናት፣ የዘንድሮው የኪትዌ ዝናብ ምን ነካው እባክሽ? ዓሣዬ እርጥበት ሊገባው ነው። ልጆቹ ደኅና? እሰይ።

የእህቴ ልጅ ንካንዱማ... ያው ሆስፒታል ነች። በሚኒባሱ አደጋ እግሯን ከጉልበቷ በታች ካጣች ይኸው አራት ሳምንቷ። ሰው ሠራሽ እግር ይገጠምላታል ብለውናል፤ ከካሳው ላይ ነዋ! የሚኒባሱ መድን ደግሞ ለአንድ አደጋ ከዚህ በላይ አልከፍልም ብሎ ጣሪያ አስቀምጧል። ያቺኑ ነው እንግዲህ ቁስለኛው ሁሉ የሚካፈላት።

ሚኒባሱን ግን ታዘብሽልኝ? አሥራ ስድስት ወንበር፣ ሠላሳ አንድ ቁስለኛ! እንዲህ ያለ ሰፊ መኪና በዕድሜዬ አላየሁም። ገበያችንን በሙሉ ጭኖ ከንዶላ ሲመጣ ተገለበጠ በይኛ... ታዲያ የዚያን ቅዳሜ እዚህ ሲጋፋኝ የዋለው ሰው ከየት መጣ?»

ከኋላቸው የስፌት መኪናው ቀዝቀዝ አለ።

«ሰው እኮ ትጉህ አለ። አንድ የማውቀው ሰው... ስም ምን ያደርጋል፣ የተከበረ ሰው ነው። የዚያን ቅዳሜ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወገቤን በሜትር ለክቶ ‹ወፍረሻል› እያለ ሲያስቀኝ ነበር። በዚያው በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ሚኒባሱ ውስጥ ተገልብጦ አንገቱን ተጎድቷል። እኛ አንድ ቦታ በሰዓቱ መድረስ እያቃተን!

ጥንቃቄውስ! ለዚያች ለአንገት መደገፊያው እንዴት እንደሚሳሳላት! ሲሠራ እንዳትቆሽሽበት ሚስማር ላይ ይሰቅላታል፤ ከረባት ያሰረ የመድን ሰው ብቅ ሲል ያጠልቃታል። እሁድ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሲጨፍር አላየሽውም? ያን ሁሉ ሕመም ይዞ እንዲያ መወዛወዝ... እምነት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

አይ፣ አልተቀየምኩትም። የንካንዱን የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ልብስ በነፃ የሰፋላት እሱ አይደል? እስከ ዛሬ አጎቴ ነው የምትለው። ትናንት ‹አጎቴም ተጎዳ አሉ፣ እግዜር ይማረው› ብላ አለቀሰችለት። እኔ ምን ልበላት? እንባዋን ጠረግኩላት፣ የቾላ እናት።»

ሙታሌ ለመድኑ ሰው ሁሉን መንገር ትችል ነበር። የሃያ ዓመት ጎረቤቷን ግን በራሷ አፍ ማሳሰር አልሆነላትም፤ ራሱ ሄዶ ስሙን ከተጎጂዎቹ ዝርዝር ቢያስወጣ ነበር የፈለገችው።

«ነገ ዝርዝሩ ይዘጋል አሉ። እስከዚያ ስሜን ሰርዙልኝ ያለ ይሰረዝለታል፣ ለምን የሚለው የለም። ሠላሳ አንዱም ከጸኑ ግን ለንካንዱ የሚደርሳት ክራንች መግዣ ነው። ምን ችግር አለው? አንድ እግር ለቀራት ልጅ ጥንድ ጫማ ምን ያደርግላታል...»

የስፌት መኪናው ጭራሹን ቆመ። ሙታሌ ዞር ሳትል ዓሣዋን ማበጠር ቀጠለች።

«ለሰውዬው ክፉ አልመኝም፣ የቾላ እናት። ‹አንገቴ አይዞርም፣ ቀኝ እጄ አይነሳም፣ ከእንግዲህ መርፌ አልጨብጥም› ብሎ ምሎ ፈርሟል አሉ። የተከበረ ሰው መቼም አይዋሽም። እግዚአብሔር እንደ አፉ ያድርግለት!... አሜን በዪ እንጂ!»