የቁልቋል በሩ መድፍ

ከእርስ በርሱ ጦርነት ሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ጠጠር ፈላጮች ዓይናቸውን በጣሉበት የቁልቋል በር አፋፍ ላይ፣ ለዓመታት ከተማ ኖሮ የመጣው የቀድሞ ሚሊሺያ ፈንታቢልና የአገሩ ሰው ወይዘሮ አንጓች አንድ የፈረሰ ምሽግ ዳር ቆመዋል።

ፈንታቢል፦ ማርያምን እልሻለሁ! አንዲት ቃል ብዋሽ ምላሴ እዚሁ ይድረቅ። ነገ የቅርስ ቢሮ ሰዎች ሲመጡ «ውጊያውን በዓይኔ አይቻለሁ» በይልኝ። የዓይን ምስክር ካለ አጥረን ሐውልት እናቆምበታለን፣ ከሌለ ግን አፋፉን ለጠጠር እንሰጠዋለን ብለዋል።

አንጓች፦ እኔም እንዲታጠር እፈልጋለሁ። የምመሰክረውን ግን መጀመሪያ ከአፍህ ልስማ። ስንት ነበራችሁ?

ፈንታቢል፦ እኛ ሰባት፤ እነሱ ሦስት ሺህ!

አንጓች፦ ሦስት ሺህ? በዚህች የፍየል መንገድ?

ፈንታቢል፦ እሺ፣ ሁለት ሺህ። ላንቺ ስል ነው።

አንጓች፦ በግ ስትገዛም እንዲህ ይቀንሱልህ።

ፈንታቢል፦ ስሚኝ እንጂ! ጉሙ እንደ ቡሉኮ ተጭኗል። ድንገት ከታች ተኩስ! «ዘራፍ!» ብዬ መትረየሴን አስጓራሁት። አንዱን አንገቱ ላይ አገኘሁት፤ ደሙ ቁልቋሉን ቀባው። ሌላው አንጀቱን በእጁ ይዞ ተንከባለለ። ጥይት ሲያልቅብኝ በድንጋይ፣ ድንጋይ ሲያልቅብኝ በጥርሴ!

አንጓች፦ ተራራ ላይ ቆመህ ድንጋይ አለቀብህ?

ፈንታቢል፦ ጦርነት ነው እቴ! የማያልቅ ነገር አለ?

አንጓች፦ የወጋ ይረሳል ሲባል ነበር የማውቀው። አንተ ጭራሽ ትጨምርበታለህ። ለመሆኑ ጥይታቸው ወደ እናንተ ይመጣ ነበር?

ፈንታቢል፦ ወደ ላይ ነበር እንጂ! ተኳሽ አይደሉማ፤ ሰማይ ሰማዩን ነው የሚቀጠቅጡት።

አንጓች፦ ጩኸትስ?

ፈንታቢል፦ አይነሳ! ሴት አስከትለው ነው የዘመቱት፤ እዬዬው ገደሉን ሞላው። እኔን ግን ጩኸት ይመልሰኛል? ዋናው መድፉ ነው።

አንጓች፦ መድፍ?

ፈንታቢል፦ ግንድ የሚያህል! አራት ጎረምሳ በትከሻው ተሸክሞት፣ እኛ እንዳንለየው ነጭ ጋቢ አልብሰውታል። አነጣጠርኩ። የፊተኞቹን ሁለቱን በአንድ ጥይት! መድፉም ከትከሻ ወርዶ ተንከባለለ። ሐውልቱ ላይ «ፈንታቢል መድፍ የጣለበት» ተብሎ ይጻፋል። በይ እንጂ አንጓችዬ! አይተሻል አይደል?

አንጓች፦ አይቻለሁ። ከኋላው እየሄድኩ ነበር።

ፈንታቢል፦ ከመድፉ ኋላ?

አንጓች፦ መድፍ አልነበረም፣ ወንድሜ። አባቴ ነው። ልንቀብረው ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወስደው ነው፤ የሰማኸውም የለቅሶ ተኩስ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ወንድሞቼ ናቸው። ተኩሱ አላሳልፍ ቢለን ሦስቱንም ከዚህ ከእግርህ ዝቅ ብሎ ቀበርናቸው። እስከ ዛሬ ማን እንደ ተኮሰ አናውቅም ነበር። ነገ እመሰክራለሁ።