ሳይነከር የማይቆረጥ መሬት

ልብስ ሰፊው ጋሽ ሜትር ያን ቀን ከከተማው ጫፍ ወዳለው ሜዳ የወጡት ለልጃቸው በዕጣ የደረሳትን ቦታ አይተው ሊጠግቡ ነበር። ልጃቸው ትዳሯ ፈርሶ ከነልጆቿ እሳቸው ዘንድ ከተጠለለች ወዲህ፣ ሲመሽ የልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሳይቀር ፍራሽ ይነጠፋል። ስለዚህ ሜዳው ለመኖሪያ ቤት ሊሸነሸን ነው ተብሎ ችካል ሲተከልበት፣ በሰፈሩ የእሳቸውን ያህል ደስ ያለው ሰው አልነበረም።

ሲደርሱ ግን አንዲት ወጣት ከልጃቸው ችካል አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ ውኃ የሞላበት ትንሽ ጉድጓድ ላይ ዓይኗን ተክላ አገኟት። ቀና ስትል አወቋት፤ የጎረቤታቸው የመምህሩ ልጅ ናት። ትምህርት ቤት ሳለች ቁመቷ በጨመረ ቁጥር የዩኒፎርሟን ጫፍ እየፈቱ ያስረዘሙላት እሳቸው ነበሩ።

«ምን ጠፍቶብሽ ነው ልጄ?»

«ምንም አልጠፋብኝም ጋሼ። ውኃው እስኪሰርግ እየጠበቅሁ ነው።»

«ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው ይህንን ነው? ውኃ መጠበቅ?»

ሳቀች። «ይህንንም ጭምር። ሜዳው ላይ ቤት ሲሠራ በአካባቢው ላይ የሚመጣውን ጉዳት የምንመረምረው እኛ ነን። ዕቅዱ ሳይመረመር አይጸድቅም።»

ጋሽ ሜትር «አይጸድቅም» የሚለውን ሲሰሙ ሊቆጡ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ከጉድጓዱ አልነቀል አለ። አንዳንድ ሰው ቁጣውን እንኳ ሳይጀምረው ጉጉት ይቀድመዋል። እሳቸውም ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው ሳብ አድርገው ቁጢጥ አሉ።

«እሺ፣ መሬቱ ምን አለሽ?»

«ላይ ዳገቱ ጋ የቆፈርኩት ጉድጓድ ውኃውን ጭልጥ አድርጎ ጠጣው። ይኼኛው ግን አልጠጣም ብሏል። ጭራሽ ከሥሩ እየመነጨ ይጨምርበታል። ይኸው ውስጡ ባቆምኩት ማስመሪያ ላይ ያደረግሁት ምልክት።»

አዩ። ምልክቱ ከውኃው ሥር ገብቷል።

«ረግረግ ነዋ! እንቁራሪት ሲንጫጫበት የኖረ ቦታ። አፈር ተደፍቶበት ያልቃል።»

«አፈር ሲደፋበት ውኃው ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ታች ነዋ።»

«ታች ማን አለ?»

ጋሽ ሜትር ዞረው ወደ ታች አዩ። ታች ያለው የእሳቸው ሱቅ ነው።

«ዛሬ ዝናቡን ሜዳው ይጠጣዋል» አለች ልጅቷ። «የተረፈውን ረግረጉ ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ሜዳው ጣሪያና አስፋልት ሲለብስ ግን ማን ይጠጣዋል? ረግረጉም ከተደፈነ ጎርፉ ሱቅዎ ሳያንኳኳ ይገባል። የታችኛው ረድፍ ቤቶች መጸዳጃ ጉድጓዶችም ክረምት ላይ ሞልተው ሲፈሱ፣ ሰፈሩ የሚቀዳበት የውኃ ጉድጓድ እዚያው ከሥራቸው ነው።»

«አንቺ ልጅ! እንቁራሪት ቤት አጥታ አታውቅም፤ የእኔ ልጅ ግን አጥታለች። እናንተ ስታገላብጡ የልጅ ልጆቼ ጠረጴዛ ላይ ያርጁ?»

ልጅቷ ልጃቸውን ታውቃታለች፤ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተምረዋል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዩኒፎርሜን ሲሰፉልኝ አዲሱን ጨርቅ መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ለምን ነበር የሚነክሩት? እናቴ ‹ትምህርት ሊጀመር ነው፣ ቶሎ ይበሉ› ብላ ስትጨቀጭቅዎ፣ እርስዎ ‹ይድረቅ እንጂ› እያሉ ያስጠብቁን ነበር።»

«እንዴ! ጥጥ እኮ ነው! ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል። ልብሱ ሰው ገላ ላይ ከሚያጥር እጄ ላይ እያለ ይጠርልኝ ብዬ ነዋ። ሳይነክር የሚቆርጥ ልብስ ሰፊማ...»

ቃላቸውን ሳይጨርሱ ጉድጓዱን አዩ። ከዚያ ልጅቷን አዩ።

«እየነከርሽው ነው በይኛ» አሉ ቀስ ብለው።

«እየነከርኩት ነው።»

«የልጄ ቤትስ? ቀረ?»

«አይሠራ አልልም። የታችኛው ረድፍ ወደ ዳገቱ ይዙር፣ ረግረጉ እንዳለ ይቆይ ነው የምለው። ግን የሁሉም ቦታ ትንሽ ይጠባል። ጊዜም ይወስዳል፤ ክረምቱን እንደተጣበባችሁ ታሳልፉ ይሆናል። አልዋሽዎትም።»

ጋሽ ሜትር ካንገታቸው የማይለየውን ሜትር እያፍተለተሉ ብዙ አሰቡ።

ዕቅዱ ለነዋሪው በቀረበበት ስብሰባ አዳራሹ «ቤታችንን ለእንቁራሪት!» እያለ ሲንጫጫ፣ ብድግ ያሉት እሳቸው ነበሩ።

«ከመካከላችሁ ከእኔ የባሰ ቤት የቸገረው አለ? ካለ ይነሳ።» የተነሳ አልነበረም። «እንግዲያው ስሙኝ። ከገባንበት በኋላ ከሚጠበን አሁኑኑ ጠበብ ብሎ ይሰጠን። እኔ ልጄን ውኃ ላይ አላስተኛትም።» ከዚያ የጉድጓዱን ነገር አንድ በአንድ አስረዱ፤ ልጅቷ ራሷ እንዲያ አድርጋ አታስረዳም ነበር። ዕቅዱም ተስተካክሎ ጸደቀ።

በዚያ ክረምት ቤተሰቡ እንደተጣበበ ከረመ፤ ጋሽ ሜትርም አንዳንዴ ልጅቷን ባያገኟት ይሻል እንደነበር አጉረመረሙ። በሚቀጥለው ክረምት ግን ቤቶቹ አልቀው ዝናቡ ሲያወርደው፣ ረግረጉ ጎርፉን ተቀብሎ ዋጠው። የሱቁ ደፍ ደረቅ ነበር፤ የሰፈሩም ውኃ ጠርቶ ተቀዳ። መቁረጫው ጠረጴዛም ወደ ሥራው ተመለሰ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ልጃቸው ዳገቱ ላይ ካለው ቤቷ ጓሮ አንዲት ክፍል ልታስቀጥል ግንበኛ ጠራች። ግንበኛው ሲመጣ ጋሽ ሜትር ትንሽ ጉድጓድ አጠገብ ቁጢጥ ብለው፣ ሜትራቸውን ውኃው ውስጥ ሰድደው አገኛቸው።

«ምን ጠፍቶብዎት ነው አባቴ?»

«ምንም» አሉ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «ዶማህን አስቀምጥና ና፣ አብረን እንይ።»