አባ ያልገዘቱት ክኒን

ጆንያ ተሸክሞ የሚያንቀላፋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ገሳይ የምትባል ከተማ ላይ አየሁ። ድንች እያስጫንኩ ነው፤ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ሳይቀድመኝ ልውጣ ብዬ እቁነጠነጣለሁ። አዳሙ የሚባለው ተሸካሚ ሌላ ቀን ጫቱን በጉንጩ ወጥሮ እየሮጠ የሚጭንልኝ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ወደ መኪናው የሚያወጣው ሳንቃ ላይ እንደቆመ ዓይኑን ከደነ። “አዳሙ!” ብዬ ስጮህ ባነነ፤ ጆንያው ግን አምልጦት፣ ድንቻቸውን ሊሸጡልኝ መጥተው ከታች የቆሙትን የንስሐ አባቱን ለጥቂት ሳታቸው።

“ሰው ልትገድልብኝ ነው?” አልኩት።

“አባ ጫት እንዳልቅም ስለገዘቱኝ ነው።”

“ጫት የተወ ሰው እንዲህ በቁሙ ይተኛል?”

መሬት መሬት እያየ ከኪሱ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ክኒን አወጣ። “ለወገቤ ብዬ የጀመርኩት ነው። አሁን አሁን ካልዋጥኩት አጥንቴ ይቆረጣጠማል፣ ላብ ያጠምቀኛል። ስውጠው ደግሞ ያደነዝዘኛል። ጫቱን የምቅመው ከሱ ለመንቃት ነበር።”

“ታዲያ ይህን ለአባ አትነግራቸውም?”

“መድኃኒት ምኑ ይነገራል ብዬ!”

ዝናቡን ረሳሁት። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። “እንግዲያውስ እሱንም…” ብለው ሳይጨርሱ አዳሙ እጃቸውን ለቀም አደረገ።

“አባቴ፣ ጫቱን እንደምንም ችዬልዎታለሁ። በዚህ ግን አይገዝቱኝ፤ ግዝትዎን አፈርሰዋለሁ።”